የኢንሱሊን ልክ ታሪክ፦ ከጥንቸል እስከ ድመት

ኢንሱሊን የሚለካው በዩኒት ነው። አንድ ዩኒት ቢመዘን 0.035 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። የስኳር በሽታ እንዳለባት ገና የታወቀ ድመት ሕክምናዋን ብዙውን ጊዜ የምትጀምረው በየ12 ሰዓቱ 1 ወይም 2 ዩኒት በመወጋት ነው፤ ይህም ዛሬ ለሰው በሚታዘዘው ኢንሱሊን ሲሰፈር 0.01 ወይም 0.02 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በዚህ ልክ ላይ አንዲት ጭረት ብትሳት መድኃኒቱ እጥፍ ይሆናል ወይም በግማሽ ይጎድላል። ስሕተቱን ይበልጥ የሚያቀርበው ደግሞ በአንድ ገበያ ላይ ጥንካሬው የተለያየ ኢንሱሊንና ለየራሱ የተሠራ ሁለት ዓይነት ሲሪንጅ መኖሩ ነው። ይህን ማንም አስቦ አላቀደውም። መድኃኒቱ የሚሰፈርበት መንገድ በመቶ ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ፣ የሰው ሕክምና ትቶት ያለፈውን መስፈሪያ የእንስሳት ሕክምና እንደያዘው ስለቆየ የመጣ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በውሻ ነው። በ1889 በሽትራስቡርግ ጆዜፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የውሻ ቆሽት አወጡ፤ ውሻውም በስኳር በሽታ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ከቆሽት የሚገኘውን ንጥረ ነገር ጨምቀው ለማውጣት የሞከሩ ተመራማሪዎች ጥቂት አልነበሩም። ዳር ያደረሱት ግን በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ጄ. ጄ. አር. ማክላውድ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ናቸው። ቆሽታቸው የወጣ ውሾችን በጭማቂው በሕይወት አቆዩ፤ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕም የማጣራቱን ሥራ ያዘ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን በአንድ ጊዜ 15 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ተወጋ፤ በእያንዳንዱ መቀመጫው 7.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የደሙ ስኳር በዴሲ ሊትር ከ440 ወደ 320 ሚሊ ግራም ወረደ፤ የተወጋበት ቦታ ግን መግል ቋጠረ። በ12ኛው ቀን ኮሊፕ ያጣራው ጭማቂ ሲሰጠው ስኳሩ ከ520 ወደ 120 ወረደ፤ ልጁም ከሞት ተረፈ።

ቶምፕሰን መጀመሪያ የተወጋው ፈሳሽ ዛሬ ድመት አንድ ዩኒት ከምትወጋበት 1,500 ጊዜ ይበልጣል። አብዛኛው ቆሻሻ ነበር፤ በውስጡ ያለው ኢንሱሊን ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቁ ጭንቀት ይኸው ነው። ዛሬ የተጨመቀው ከትናንቱ ይበረታል ወይም ይደክማል፤ ትናንት በሽተኛውን ያቆመ መጠን ዛሬ የደሙን ስኳር ከልክ በታች አውርዶ ያንዘፈዝፈዋል። በሚዛን ማስቀመጥም አይረዳም፣ ሚዛኑ የሚመዝነው ከኢንሱሊኑ ይልቅ አብሮት ያለውን ቆሻሻ ነበርና።

የቶሮንቶ ሰዎች ስለዚህ ኢንሱሊንን በክብደቱ ሳይሆን በሥራው ለመለካት ወሰኑ። መለኪያ የሆነችው ጥንቸል ነበረች። 2 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ አንድ ቀን ያህል ሳትበላ የዋለች ጥንቸል የደሟን ስኳር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በዴሲ ሊትር ወደ 45 ሚሊ ግራም የሚያወርደው መጠን አንድ ዩኒት ተባለ። 45 የተመረጠው ጥንቸሎች መንዘፍዘፍ የሚጀምሩት በዚያ ግድም ስለሆነ ነው። ኢንሱሊን ገና ከጥንቱ የተሰፈረው፣ እንግዲህ፣ ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት ደፍ ላይ ነው፤ መድኃኒቱንም ለሚወስድ ሁሉ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ፣ ይህ ደፍ እስካሁን ሩቅ አይደለም።

የመጀመሪያው ዩኒት ለበሽተኛ ሲሰጥ የበዛ ሆኖ ተገኘ። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር የጤና ድርጅት በጁላይ ወር በኤድንብራ ጉባኤ ጠርቶ ነበር፤ ጉባኤው ዩኒቱ የቀድሞው አንድ ሦስተኛ እንዲሆን ወሰነ። ጥንቸልም ከጥንቸል ስለምትለይ፣ አንዷ በቀላሉ የምትወድቅበትን ሌላዋ ስለምትቋቋመው፣ ሁሉም የሚያነጻጽርበት አንድ ናሙና አስፈለገ። በ1925 ለንደን ሃምስቴድ በሚገኘው የብሔራዊ ሕክምና ምርምር ተቋም፣ ሄንሪ ዴል በሚመራው ክፍል፣ በአንድ ሚሊ ግራም 8 ዩኒት የያዘ ደረቅ ዱቄት የዓለም መመዘኛ ሆኖ ተቀመጠ። ዛሬ ንጹሕ ኢንሱሊን በሚሊ ግራም 28 ዩኒት ገደማ ይይዛል፤ የዚያ ዘመን ምርጥ ናሙና እንኳ ከሲሶ ያልበለጠ ንጽሕና እንደነበረው ከዚህ ይታያል። በብሪታንያ ጆን ትሬቫን ከጥንቸል ይልቅ ብዙ ትናንሽ አይጦችን ወግቶ ስንቱ እንደተንዘፈዘፈ በመቍጠር ልኩን የሚያወጣበት ዘዴ አዳበረ። ድመትም ከዚህ ዓይነቱ ሥራ አላመለጠችም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት፣ በ1910፣ በአሜሪካ ሮበርት ሃቸር ዲጂታሊስ የተባለውን የልብ መድኃኒት የለካው ድመትን በሚገድል መጠን ነበር፤ ልኩም የድመት ዩኒት ይባል ነበር። ይህ ሁሉ የተከፈለው በእንስሳት ሕይወት ነው፤ ዛሬ ድመት በኢንሱሊን ስትታከም ዋጋውን ከከፈሉት ወገን የሆነ ፍጡር ድርሻውን እያገኘ ነው ማለት ይቻላል።

ዩኒቱ ከጸና በኋላ ችግሩ ወደ ብልቃጡ ተዛወረ። መጀመሪያ የተሸጠው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ወይም 20 ዩኒት የያዘ ነበር። ማጣራቱ ሲሻሻል 40፣ ቀጥሎም 80 ዩኒት የያዘ መጣ፤ በብልቃጡ ላይ ዩ-40፣ ዩ-80 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ወፍራሙ ፈሳሽ ብዙ ዩኒት ለሚወስድ ሰው ሕመሙን ያቀልለታል፣ የሚወጋው ትንሽ ነውና። ለሚሰፍረው ሰው ግን ሒሳብ ጨመረበት። በ1924 በአሜሪካ ለኢንሱሊን ብቻ የሚሆን ሲሪንጅ ተሠራ፤ በኋላ አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ለ40 በቀይ፣ በሌላው ጎኑ ለ80 በአረንጓዴ ቀለም የተሰመረ ነበር። ከሁለቱ ጎኖች የተሳሳተውን ያየ ሰው የታዘዘለትን እጥፍ ወይም ግማሽ ይወጋል።

በብሪታንያ የነበረው ከዚህም የሚከፋ ነው። ደረጃውን የጠበቀው ሲሪንጅ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጭረት ነበረው፤ የተሠራውም በ20 ዩኒት ኢንሱሊን ጊዜ ስለሆነ አንድ ጭረት አንድ ዩኒት ማለት ነበር። 40ው ሲመጣ አንዱ ጭረት ሁለት ዩኒት፣ 80ው ሲመጣ አራት ዩኒት ሆነ፤ ሲሪንጁ ግን አልተለወጠም። በሽተኛው መጠኑን ሲጠየቅ «20» ካለ ጭረት ይሁን ዩኒት አይታወቅም፤ በዩ-80 ከሆነ 20 ጭረት 80 ዩኒት ነው። ይህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት መኖሩ ያስደንቃል። ስሕተቱ የበሽተኛው ወይም የነርሷ ቸልተኝነት ተደርጎ ሲቈጠር ኖሯል፤ ጥፋቱ ግን የመስፈሪያው ነበር።

መፍትሔው አንድ ጥንካሬ፣ አንድ ሲሪንጅ ሆነ። አሜሪካ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ዩ-100 ተሻገረች፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ ሒሳቡ በዐሥር ቤት ይሄዳል፤ በሲሪንጁ ላይ ያለው ቍጥርም በቀጥታ ዩኒቱን ይናገራል። ብሪታንያ በ1983፣ ፈረንሳይ በ2000 ተከተሉ። ሁሉም አገር ግን አልተሻገረም፤ በሕንድ ዩ-40 እስከ ዛሬ ለሰው ይሸጣል። ዩ-100 በተስፋፋበት አገር የቀረው ዩ-40 ለእንስሳት ሆነ። ቀዩ ቀለም ከዚያ ከድሮው ሲሪንጅ ተወርሶ ዛሬም የዩ-40 ሲሪንጅ ክዳን ቀይ ነው፤ የዩ-100 ደግሞ ብርቱካንማ።

ዩ-40 በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የቆየበት በቂ ምክንያት አለ። ቀጭን ስለሆነ አንዱ ዩኒት 0.025 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይሆናል፤ በዩ-100 ካለው 2.5 እጥፍ ነው። 4 ወይም 5 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 1 ዩኒት በሚሰፈርበት ጊዜ ይህ ልዩነት ለዓይንም ለእጅም ትልቅ እፎይታ ነው።

ሌላው ምክንያት የኢንሱሊኑ ምንጭ ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1955 የበሬን ኢንሱሊን የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል በሙሉ ካወቀ በኋላ የልዩ ልዩ እንስሳት ኢንሱሊን እየተነጻጸረ ሄደ። የውሻ ኢንሱሊን ከአሳማው ጋር አንድ ነው፤ የድመት ኢንሱሊን ከበሬው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ፣ ከሰው የሚለየው ግን በአራት ነው። ሐኪሞች ለድመት የበሬ ኢንሱሊን ያለበትን፣ ፕሮታሚንና ዚንክ ተጨምሮበት በዝግታ የሚሠራውን ዓይነት የወደዱት በዚህ ነው። በ1982 በባክቴሪያ የሚመረተው የሰው ኢንሱሊን ገበያ ሲገባ የበሬው ቀስ በቀስ ከሰው ፋርማሲ ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም በአሜሪካ ለሰው መመረቱ ቀረ። የድመት ሐኪሞች የለመዱትን አጥተው ሌላ ፍለጋ ገቡ። ከአሳማ የሚሠራው ዩ-40 ኢንሱሊን፣ በአሜሪካ ቬትሰሊን በሌላው ዓለም ካኒንሱሊን የሚባለው፣ በ2004 ለውሻ፣ በ2008 ለድመት በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2009 ብልቃጡ ውስጥ ያለው የዚንክ ኢንሱሊን ክሪስታል መጠን የማይረጋ መሆኑ ተደርሶበት ሐኪሞች ወደ ሌላ እንዲያዛውሩ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ መድኃኒቱ ተስተካክሎ በ2013 ተመለሰ። በዚያው በ2009 ፕሮዚንክ የሚባል፣ እንደዚሁ ዩ-40 የሆነ፣ ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ ኢንሱሊን ተፈቀደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ የሰው ኢንሱሊን ወደ ድመቶች ቤት ገባ። ግላርጂን በ2000 ለሰው የተፈቀደ፣ ቀኑን ሙሉ እኩል የሚሠራ ዩ-100 ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጃኪ ራንድና ባልደረቦቿ አዲስ የታመሙ ድመቶች በግላርጂንና ካርቦሃይድሬቱ ባነሰ፣ ፕሮቲኑ በበዛ ምግብ ሲታከሙ ብዙዎቹ ኢንሱሊን እስከመተው እንደሚደርሱ አሳዩ። ጭላንጭሉ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር፤ በ1942 በአሜሪካ ፍራንሲስ ሉከንስና ከርቲስ ዶሃን በሙከራ የስኳር በሽታ የያዛቸው ድመቶች በኢንሱሊን ወይም በምግብ በጊዜ ከታከሙ ቆሽታቸው እንደሚያገግም ጽፈዋል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ከልክ ጋር ግን በቀጥታ ይጋጫል። ቆሽቷ ሲያገግም ድመቷ የራሷን ኢንሱሊን ማመንጨት ትጀምራለች፤ ባለፈው ሳምንት ትክክል የነበረው 2 ዩኒት በዚህ ሳምንት ይበዛባታል። ልኩ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚቀመጥ አይደለም፤ በሰው ዘንድ ይህ እምብዛም ስለማይታይ ከሰው ሕክምና ልምድ ያለው ባለቤት በቀላሉ ይዘናጋል።

ግላርጂን ዩ-100፣ ቬትሰሊንና ፕሮዚንክ ዩ-40 በመሆናቸው ብሪታንያና አሜሪካ ለሰው የዘጉት በር ለድመት ተከፍቶ ቀረ። አደጋው በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። 2 ዩኒት የታዘዘላት ድመት ኢንሱሊኗ ዩ-40 ሆኖ በዩ-100 ሲሪንጅ እስከ 2 ጭረት ቢሳብላት የምታገኘው 0.8 ዩኒት ነው፤ ስኳሯ አይወርድም፣ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምርላታል። ኢንሱሊኗ ዩ-100 ሆኖ በዩ-40 ሲሪንጅ 2 ላይ ቢሳብላት ግን 5 ዩኒት ትወጋለች፤ ይህ የሚገድል መጠን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች ዩ-40ን ሆን ብለው በዩ-100 ሲሪንጅ ያስለካሉ፤ ዩኒቱ በ2.5 ይባዛል፣ ጭረቶቹም ስለሚቀራረቡ ጥቃቅኑ መጠን ይታያል። አሠራሩ ሒሳቡን ጽፈው ለሚያስቀምጡ ጥንቁቆች ይጠቅማል፤ ድመቷን ተራ በተራ የሚወጉ ሁለት ሦስት ሰዎች ባሉበት ቤት ግን የድሮውን የብሪታንያ ግራ መጋባት መልሶ መጥራት ነው፤ ባይደረግ ይሻላል።

ሲሪንጁም ራሱ ረጅም መንገድ ተጕዟል። የመጀመሪያዎቹ የብርጭቆ ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ይቀቀላሉ፤ መርፌያቸውም ይሳላል። አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ሲሪንጅ በ1950ዎቹ ካስመዘገቡት አንዱ ኮሊን መርዶክ የተባለ የኒው ዚላንድ ፋርማሲስት ነው፤ የእንስሳት ሐኪምም ስለነበር ከብት ሲከተብ በሽታ በመርፌ እንዳይተላለፍ ማሰቡ ለፈጠራው አንድ ምክንያት ሆኗል። ለድመት የሚበጀው በቅርቡ የመጣው ጠባቡ፣ 0.3 ሚሊ ሊትር የሚይዘውና በግማሽ ዩኒት የተከፋፈለው ነው። 1 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ሰፊ ሲሪንጅ ጭረቶቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ዩኒት ስለሆኑ 1 ዩኒት በግምት ካልሆነ አይለካበትም። ጥቂቱን መጠን ለማብዛት ተብሎ ግላርጂንን በውኃ ማቅጠን ደግሞ የተከለከለ ነው፤ መድኃኒቱ በዝግታ የሚሠራው በአሲድነቱ ተጠብቆ ስለሆነ ሲቀጥን ጠባዩ ይለወጣል።

አንድ ስሕተት ከሲሪንጁ ሳይሆን ከብዕር ይመጣል። ሐኪሞች ዩኒትን በላቲኑ «ዩ» ፊደል ሲያሳጥሩ ፊደሉ ዜሮ መስሎ ይነበባል፤ 4 የነበረው 40 ይሆናል። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ደረጃ የሚመረምረው የጋራ ኮሚሽን በ2004 ይህን አጻጻፍ ከለከለ። 1.0 ብሎ መጻፍም አብሮ ቀረ፣ ነጥቧ ካልታየች 10 ነውና፤ ከነጥብ በፊት ዜሮ ሳይጽፉ ግማሽ ዩኒትን .5 ማለትም እንዲሁ፣ 5 ተብሎ ይነበባልና። ደንቡ የወጣው ለሰው ነው፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ሙሉ መጠኗ በ1 እና በ2 መካከል ለሚዋልል ድመት ነው።

ይህ ሁሉ ልምድ ዛሬ ለአዲስ ሕመምተኛ ድመት በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ ተጠራቅሟል። የመጀመሪያው መጠን ለአንዲት ድመት በአብዛኛው ከ2 ዩኒት አያልፍም፤ የሚጨመረውም ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ የደም ስኳሯ ታይቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከመወጋቷ በፊት በልታ እንደሆነ ይታያል፤ ካልበላች ወይም ካስመለሳት ሐኪሙ ይጠየቃል። ቬትሰሊን ወተት እስኪመስል በደንብ ይናጣል፤ ፕሮዚንክ ግን በመዳፍ መካከል በቀስታ ይንከባለላል። ሲሪንጁ ውስጥ የገባ አየር የኢንሱሊኑን ቦታ ስለሚይዝ ይወጣል፤ ጭረቱም የሚነበበው ሲሪንጁን በዓይን ትክክል ይዞ ነው። መርፌው ገብቷል ወይስ ፀጉሯ ላይ ፈሷል የሚል ጥርጥር ቢነሣ ዳግመኛ አይወጋም፤ አንድ ጊዜ ያመለጠ መጠን የሚያስከትለው ጉዳት ከተደገመ መጠን ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው። ድመቷ ከደከመች፣ ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ከተንዘፈዘፈች ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ከቻለች ምግብ ይሰጣታል፣ ካልቻለች ማር ወይም የስኳር ሽሮፕ ድድዋ ላይ ይቀባል፣ ወዲያውም ወደ ሐኪም ትወሰዳለች። ከጆሮዋ ጠርዝ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ስኳሯን ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል፤ ለሰው የተሠራ መለኪያ ግን በድመት ደም ላይ ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ የማንበብ ጠባይ ስላለው ውጤቱ ከሐኪሙ ጋር ይመዛዘናል።

በዲሴምበር 2022 ቤክሳካት የተባለ በአፍ የሚሰጥ እንክብል፣ በ2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የተባለ ፈሳሽ በአሜሪካ ለድመት ተፈቀዱ። ሁለቱም ስኳሩን በሽንት የሚያስወጡ ናቸው፤ መርፌ አይጠይቁም። የተፈቀዱት ግን ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ላልወሰዱ፣ ከበሽታው በስተቀር ጤነኛ ለሆኑ ድመቶች ነው፤ ደሟ ውስጥ ኬቶን የተባለው አሲድ የበዛባት ድመትም ሆነች ኢንሱሊን የጀመረች ድመት ሕክምናዋ በመርፌ ይቀጥላል፣ ሲሪንጁም በብልቃጡ ላይ ከተጻፈው 40 ወይም 100 ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።